የመዳብ ከበርቴው የጭቃ ቤት

ጭቃ የረገጠ ሰው ቤት ሲጎበኝ ዓይኑ ግርጌ ላይ ያርፋል። አሪዞና ውስጥ ጀሮም በምትባል የመዳብ ከተማ የመዳብ ከበርቴውን የዳግላስን ቤት ሳይ እኔም እንዲሁ ሆንኩ። የጭቃ ግድግዳ ሁለት ጠላት አለው፤ ከላይ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ከታች የሚሳብ እርጥበት።

ጄምስ ዳግላስ ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1916 ያስገነባው ሊትል ዴይዚ ከተባለው የማዕድን ጉድጓዱ በላይ፣ ኮረብታ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ማዕድኑ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ መዳብ፣ ብርና ወርቅ ሰጥቷል። ቤቱ ለቤተሰቡ መኖሪያ፣ ለማዕድን ኃላፊዎችና ለባለሀብቶች ደግሞ ማረፊያ ነበር። የእብነበረድ መታጠቢያ፣ የወይን ጠጅ ማከማቻ፣ በእንፋሎት የሚሠራ ማሞቂያ፣ አቧራ የሚስብ መሣሪያ ሳይቀር ተገጥሞለታል። ግድግዳው ግን እዚያው ቦታ ላይ የተመታ የጭቃ ጡብ ነው! ለእኔ ከእብነበረዱ ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ነው። ያን ያህል ገንዘብ ያለው ሰው ድንጋይ ማስጠረብ አያቅተውም ነበር። እንደ ግንበኛ ግን ምርጫው ይገባኛል፤ ፀሐዩ ጡቡን በነፃ ያደርቃል፣ ወፍራም የጭቃ ግድግዳም የቀኑን ሙቀት ይዞ ለሌሊት ያቆያል።

ጭቃ መርገጥ የተማርኩት አገር ቤት፣ ከጤፍ ጭድ ጋር ነው። ጭዱ ሲያንስ ምርጊቱ ይሰነጠቃል፤ አሸዋው ሲበዛ ይፈረፈራል። ልኩን የሚያውቀው እግር ነው። ሥራውን ስጀምር የአንዲት እናት ጓዳ እንዲጠነክር ብዬ ጭቃውን በሲሚንቶ ለሰንኩት። ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ ያዘ፤ ክረምቱ ሲወጣ ልስኑ ከነጭቃው እንደ ቅርፊት ተላቀቀ። እኚያ እናት ምንም አላሉኝም፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጭቃ የሚጠገነው በጭቃ ነው።

የዳግላስ የማዕድን ጉድጓድ በ1938 ተዘጋ። በ1962 ቤተሰቡ ቤቱን ለአሪዞና ግዛት ሰጠ፤ ከዳግላስ ልጆች አንዱ ሉዊስ በብሪታንያ የአሜሪካ አምባሳደር የነበረው ነው። ከ1965 ጀምሮ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። ከተማዋ ያለችው ተዳፋት ላይ ነው፤ እስር ቤቷ እንኳ ከመሠረቱ ተንሸራትቶ 68 ሜትር ያህል ወርዷል።

ከመሄዴ በፊት ቤቱን በውጭ በኩል ዞርኩት። ጎንበስ ብዬ፣ ዝናብ ቢጥል ውሃው ከግርጌው ወዴት እንደሚሸሽ በዓይኔ ተከተልኩ።