ቃለ አጋኖን ወደ ተዘዋዋሪ ንግግር ስለ መመለስ

ሬንና ማርቲን ባዘጋጁት የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ አንድ የታወቀ ደንብ እናገኛለን፤ ይኸውም ቃለ አጋኖ ወደ ተዘዋዋሪ ንግግር ሲመለስ «አላስ» ተጥሎ በምትኩ «በኀዘን ተናገረ» የሚል ይገባል። ደንቡ ጀማሪን ይጠቅማል፤ ነገር ግን ስለ ስሜቱ መፍረድን ከተናጋሪው ነጥቆ ለአውሪው ይሰጣል።

ከችሎት የወጣች ባለጉዳይ «ኋት ኤ ጀጅ ሂ ኢዝ!» ብትል፣ ንግግርዋ አድናቆትም ምፀትም ሊሆን ይችላል። ተማሪው በደንቡ መሠረት «እጅግ ታላቅ ዳኛ ነው ስትል አደነቀች» ብሎ ሲመልሰው፣ ምናልባት ነቀፌታዋን ምስጋና አድርጎባታል። ይህ የሰዋስው ብቻ ሳይሆን የምስክርነትም ጕድለት ነው።

እንግሊዝኛው ራሱ ግን «ሺ ሴድ ኋት ኤ ጀጅ ሂ ዎዝ» ለማለት ይፈቅዳል፤ «ኋት» በስፍራው ይቆያል፣ የግሡ ጊዜ ብቻ ይለወጣል፣ ትእምርተ አንክሮም ይቀራል። ኦቶ የስፐርሰንም በ1924 (እ.ኤ.አ.) በታተመው «የሰዋስው ፍልስፍና» ተዘዋዋሪ ንግግርን በሁለት ከፍሎ፣ አንደኛው ክፍል የስሜት ቃላትን ጠብቆ እንደሚያቆይ አስረድቷል።

እኛ «ወይኔ! አለች» ብለን የተናጋሪዋን ቃል እንዳለ ማቆየት የለመድን አማርኛ ተናጋሪዎች የደንቡን ጕድለት ለማየት አንቸገርም። ስለዚህ ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ሊሰጡ ይገባል እንላለን፤ የተናጋሪው ስሜት ባልታወቀበት ስፍራም ሁለተኛው ይመረጥ።