ስለ መርጋት የሚሰጠው ትምህርት፦ የአቀራረብ ሂስ

በአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች ስለ ፈሳሽና ስለ ጠጣር በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ዘወትር የማይቀር አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ይኸውም «ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ጠጣር ይሆናል፤ ለምሳሌ ውሃ ሲቀዘቅዝ በረዶ ይሆናል» የሚለው ነው። አባባሉ ስሕተት የለበትም። ሕፃናቱም በቃላቸው ይዘው በፈተና ይመልሱታል። ይሁን እንጂ መመለስና መረዳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በረዶን ብቻ በምሳሌነት የተማረ ልጅ ቀልጦ የፈሰሰ ሻማ መልሶ ሲጠነክር ቢያይ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ለውጥ መሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ አልተሰጠውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉድለቱ ከየት እንደሚመነጭ መመርመርና ማቃኛውን ማመልከት ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት የምሳሌው ምርጫ ነው። ውሃ የሚረጋው በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ፣ ማቀዝቀዣ በሌለው ትምህርት ቤት ለውጡን በክፍል ውስጥ ማሳየት አይቻልም። የደጋ ልጅ በማለዳ ውርጭ ያያል፤ ከሰማይ የሚወርደውንም በረዶ ብዙዎች ያውቁታል። ነገር ግን የሚያዩት ረግቶ ያለቀውን እንጂ ውሃው ሲረጋ አይደለም። ከዚህም በላይ ውሃ ከሌሎች የተለየ ጠባይ አለው። አብዛኞቹ ፈሳሾች ሲረጉ መጠናቸው ይቀንሳል፤ ውሃ ግን በ9 በመቶ ያህል ይጨምራል። በረዶ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ከሕጉ ወጣ ያለውን ለሕጉ ብቸኛ ምስክር አድርገን እያቀረብን ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት «ቀዘቀዘ» የሚለው ቃል በልጁ አእምሮ የሚያሳድረው ስሜት ነው። ለልጅ ቀዝቃዛ ማለት እጅን የሚያበርድ ነው። የንብ ሰም ግን የሚረጋው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲሆን፣ እርሳስ የተባለው ማዕድን ደግሞ በ327 ዲግሪ ይረጋል። ሁለቱም ጠጣር የሚሆኑት ገና እጅ የሚያቃጥሉ ሳሉ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ረግቶ የሚገኘው ቅቤ፣ ሰመራ ላይ በሙቀቱ ወራት ቀትር ይቀልጣል። ስለሆነም ፈሳሽነትና ጠጣርነት እንደ ሙቀቱ መጠን የሚለዋወጡ ሁኔታዎች ናቸው፤ እያንዳንዱም ነገር የራሱ የመርጊያ ሙቀት አለው። ልጁ ከትምህርቱ ይዞት ሊወጣ የሚገባው ይህ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በአማርኛ ቅቤ ይረጋል፤ ሞራ ይረጋል፤ ወተትም ይረጋል፤ ደምም ይረጋል። ቃሉ አንድ ሲሆን ለውጡ ግን የተለያየ ነው። ወተት እርጎ የሚሆነው ባክቴሪያዎች አሲድ ስለሚፈጥሩበት እንጂ ስለ ቀዘቀዘ አይደለም፤ እንዲያውም በሞቃት ስፍራ ፈጥኖ ይረጋል። እርጎውን ቢያሞቁት ወደ አይብና ወደ አጓት ይለያያል እንጂ ወተት አይሆንም። እንቁላልም የሚጠነክረው ሲቀቀል ነው፤ ጭቃም የሚጠነክረው ውሃው ሲተን ነው። መጽሐፉ ይህን ልዩነት ሳያነሣ ካለፈ፣ ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣው እውቀት ትምህርቱን ከማገዝ ይልቅ ያደናግርበታል።

ማቃኛው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። መምህሩ የሻማ ቁራጭ በትንሽ ጣሳ አድርጎ፣ ጣሳውን ትኩስ ውሃ ውስጥ በማቆም ያቅልጠው። ቃጠሎ እንዳይደርስ ይህን ራሱ ይሥራው፤ ጣሳውንም በቀጥታ በእሳት ላይ አይጣደው። ከዚያም ሕፃናቱ ሻማው ሲረጋ መሐሉ እንዴት ጎድጎድ እንደሚል ይመልከቱ። ሚዛን ካለ፣ ክብደቱ ከመርጋቱ በፊትና በኋላ አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። በመጨረሻም «ብናሞቀው ወደ ነበረበት ይመለሳልን?» ተብለው ይጠየቁ። ሻማውና ቅቤው ይመለሳሉ፤ እርጎውና እንቁላሉ አይመለሱም። ይህች አንዲት ጥያቄ በቃል ከሚያዝ ብያኔ ይበልጥ ትለያለች። በረዶ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ቢሆን፣ ልጁ የሚያውቀውን ሕግ ለማያየው ነገር ሊሠራበት ይችላል።

የቅንጣቶችን ነገር ለከፍተኛዎቹ ክፍሎች ማቆየት ይሻላል። ሲነሣም ቅንጣቶቹ ራሳቸው እንደማይጠነክሩ፣ ነገር ግን ሙቀት ሲቀንስ እንቅስቃሴያቸው ስለሚቀንስ በየስፍራቸው ተያይዘው እንደሚቆዩ በግልጽ መነገር አለበት።

አንዳንዶች አንድ ክፍል ብዙ ሕፃናት በሚይዝበት ሁኔታ ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል ይሉ ይሆናል። አንድ ጣሳ ሻማ ግን ለክፍሉ በሙሉ ይበቃል፤ የሚፈጀውም ከአንድ ክፍለ ጊዜ አያልፍም።

ለዕቅድ አውጪዎችም አንድ ማሳሰቢያ አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መንገድ ከፍቷል። ይሁንና የሳይንስ መጽሐፍን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው መተርጎም ብቻውን በቂ አይደለም። «መርጋት» በአማርኛ የሚያመጣው መደናገር በሌላው ቋንቋ ላይኖር ይችላል፤ በዚያ ቋንቋ ደግሞ ሌላ ዓይነት መደናገር ይኖር ይሆናል። ስለሆነም አዘጋጆች የመምህሩን መምሪያ ከመጻፋቸው አስቀድሞ፣ የአካባቢው ልጅ በቤቱ ይህን ቃል ለምን ለምን ነገር እንደሚጠቀምበት ጠይቀው ሊመዘግቡ ይገባል።