ግድግዳ ላይ ያለው ባሕር

ዲላ አንድ ምግብ ቤት ቆጮ በጎመን አዝዤ ተቀምጫለሁ። ፊት ለፊቴ ባሕር ተሰቅሏል። ሰማያዊ ውሃ፣ በመስመር የተደረደሩ ጃንጥላዎች፣ ገደል ላይ የተለጣጠፉ ባለቀለም ቤቶች። ግርጌው ላይ በፈረንጅ ፊደል «አማልፊ» ይላል፤ ደቡብ ኢጣሊያ መሆኑ ነው።

ይህን ፖስተር የማታውቁት ብትሆኑ እንኳ ወንድሙን ታውቁታላችሁ። ድሮ ፎቶ ቤት ስትገቡ ከኋላችሁ የሚዘረጋው ሸራ ላይ ዘንባባና ማዕበል አልነበረም? (እኔም አለኝ። እዚሁ ዲላ ለማስተማር የመጣሁ ሰሞን የተነሳሁት ነው፤ ባሕር ዳር በከረባት ቆሜ፣ ጫማዬ ጭቃ እንደያዘ።)

ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው አመሉ አይለቀውም፤ ፖስተርም ሲያይ «ማን ጎደለ?» ይላል። እዚህ ላይ የሚሠራ ሰው ጎድሏል። ጃንጥላውን የዘረጋው፣ አሸዋውን የጠረገው የለም። ይሄስ ይሁን። ዩኔስኮ የአማልፊን ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ቅርስ አድርጎ የመዘገበው ግን ለመዋኛው ብሎ አይደለም። ገበሬው ገደሉን በእርከን ደርድሮ ሎሚና ወይን ማልማቱ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርስ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የተመዘገበው በምን ሆነና? ከትክል ድንጋዮቹ ጋር፣ ዳገቱን ሳያራቁት እንሰትን፣ ቡናንና አገር በቀል ዛፍን አንድ ላይ ባኖረው ገበሬ ነው። እንግዲህ ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ ስትወጡ የምታዩት ዳገትና ግድግዳው ላይ ያለው ገደል ዘመዳሞች ናቸው። ፎቶ አንሺው እርከኑን ቆርጦ ጣለ፤ እኛ የተረፈውን ሰቀልን።

ለምን ሰቀልነው? አማርኛችን ውጭ አገርን «ባሕር ማዶ» ይለዋል። ለፈረንጁ ባሕር ዳሩ ላይ የሚጋደሙበት ነው፤ ለእኛ የሚሻገሩት። በመስከረም 2006 ዓ.ም. ላምፔዱሳ አጠገብ ጀልባ ሰጥሞ ከ360 በላይ ሰዎች ያለቁት፣ አብዛኞቹም ኤርትራውያን የነበሩት፣ በዚሁ ባሕር ነው። ፖስተር ይህንን ያሳየን ማለት ግፍ ነው፤ ምግብ ቤት ማን ሬሳ ይሰቅላል? ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ጃንጥላዎቹን እንደ ጌጥ ብቻ ማየት አልሆነልኝም።

ሒሳብ ስከፍል አስተናጋጇን «ይሄ የት ነው፣ እህቴ?» አልኳት።

«ቤሩት መሰለኝ፣ ጋሼ። እህቴ እዚያ ናት። ከምትሠራበት ቤት በረንዳ ላይ ባሕሩ እንዲህ ይታያል ብላኛለች።»

አልተሳሳተችም፤ ውሃው አንድ ነው።

«ታዲያ ወርዳ ዋኘችበት?»

«ኧረ ጋሼ! ልብስ ስታሰጣ ነው የምታየው።»