የፓራውልት ጥላ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወዳጄ ሊገዛት ያሰባትን መኪና አብሬው ለማየት ሜሪላንድ ድረስ ሄድኩ። እ.ኤ.አ. በ1977 የተሠራች ኤም ጂ ቢ ናት። ባለቤቱ ጥቁሩን የጎማ ፓራውልት በቤቱ ጋራዥ አውልቆ፣ የድሮዎቹን ባለ ኒኬል ገጥሞላታል። ወዳጄ ገና ከመንገዱ ማዶ ሆኖ «አቤት ስታበራ!» አለ። ሰውየው ደስ አለው። እኔ ከፊቷ ተንበርክኬ አየሁና አንጀቴ አረረ። በግራ ጫፍ፣ በፓራውልቱና በፓራፋንጎው መካከል አውራ ጣቴ ይገባል። በቀኝ ጫፍ ወረቀት አያስገባም። ሁለቱም ይህን አላዩም። ዓይናቸው ብልጭታው ላይ ነበር፤ ዋጋውም የተሰቀለው በብልጭታው ነው።

ብልጭታ የገጣሚው ሥራ አይደለም። እሱን ያመጣው ኒኬል ቤቱ ነው፣ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል። የገጣሚው እጅ የሚታወቀው በፓራውልቱና በመኪናው ገላ መካከል በምትተኛው ጥቁር መስመር፣ በጥላዋ ነው። ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሄደች ሥራው ሥራ ነው። አንድ ቦታ ሰፍታ ሌላ ቦታ ከጠበበች ግን አልተሠራም፣ ተለጥፏል።

ዝገት ስለ መፈለግ፣ የቡሎን ጥርስ ስለ መፈተሽ፣ ከብየዳ በፊት ባትሪ ስለ መንቀል አልጽፍም። ይህን የማያውቅ ሰው ፓራውልት ከመንካቱ በፊት ሌላ የሚማረው አለው።

ጎማውን አውልቆ ኒኬል የመግጠሙ ነገር ከየት እንደመጣ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ኤም ጂ ቢ እንግሊዝ አገር፣ አቢንግደን ላይ ከ1962 እስከ 1980 ተሠራች፤ ከነልዩ ልዩ ዓይነቶቿ ከ500 ሺህ በላይ ወጥታለች፤ ብዙውን የገዛችው አሜሪካ ናት። አሜሪካ ደግሞ ከ1973 ሞዴል ጀምሮ ፓራውልት በሰዓት 5 ማይል የሚመጣን ግጭት ከፊት እንዲችል በሕግ አዘዘች። ፋብሪካው በ1974 መጨረሻ ቀጭኑን ብረት አንሥቶ፣ ውስጡ ብረት የሆነ ወፍራም ጥቁር ጎማ ሰጣት። የፊት መብራት ከፍታም ሕግ ስለነበረው መኪናዋን በጥቂት ሳንቲ ሜትር ከመሬት አነሣት። ዛሬ ሰዎች ወደ ኋላ ሊመልሷት የሚደክሙት ለዚህ ነው። ድካሙ ደግሞ ቡሎን ፈትቶ ቡሎን ማሰር ብቻ አይደለም። ፍሬቻው ጎማው ውስጥ ስለነበረ ከፊት ለመብራቱ ቦታ መቆረጥ አለበት፤ ከኋላም በመብራቶቹ ሥር ጎማው ሸፍኖት የነበረውን ጉድለት በቆርቆሮ መሙላትና መበየድ ይጠይቃል። ይህን በስቱኮ የሞላ ሰው ሥራ አጠገብ አልቆምም።

አሁን ወደ ጥላዋ ልመለስ። ከመኪናው አምስት እርምጃ ራቅ በሉ፣ ዓይናችሁ ከፓራውልቱ ጋር እስኪስተካከል ቁጢጥ በሉ። ቆሞ ያየ ሰው አላየም፤ ከላይ ሲታይ ሁሉም ያምራል። ከመሃል ጀምሩና መስመሯን ወደ ግራ ተከተሉ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ጉዱ ያለው ፓራውልቱ ታጥፎ ወደ ጎን በሚዞርበት ማዕዘን ላይ ነው። መሃሉን ማንም ያስተካክለዋል፤ ጫፎቹ ግን የመያዣ ብረቶቹን ጠማማነት፣ ድሮ የተመታን የሻንሲ አፍንጫ፣ በችኮላ የተበየደን ፓራፋንጎ፣ ሁሉንም ይናገራሉ። የተሸፋፈነ አደጋ ብዙ ጊዜ የሚወጣው እዚያ ነው።

ከመሬት አትለኩ። አንዱ ጎማ አየር ቢጎድለው፣ አንዱ ሞላ ቢደክም መሬት ይዋሻል። ፓራውልት የሚታየው ከመኪናው ገላ ጋር ነው። በሜትር የሚለካ ሰውም አይቻለሁ፤ ሜትር ማዕዘን ላይ አይቀመጥም። ካርቶን አጣጥፋችሁ አስገቡ። በግራ ጫፍ ልክ ሆኖ የገባው ካርቶን በቀኝ ጫፍም ያንኑ ያህል መያዝ አለበት፤ ከላላ ወይም እንቢ ካለ ዋጋው ይውረድ።

ካርቶኑን ያስተማረኝ አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሠራሁበት ጋራዥ ባትላሜራ ነው። ሁላችንም ጋሼ ብቻ ነበር የምንለው። ሙያውን ከጣሊያኖች ተምሯል፤ ፊያት 1100 እና ፔጆ 404 ከእጁ አይጠፉም ነበር። የኒያላ ሲጋራ ካርቶን ሦስት ጊዜ ያጥፍና በጥላዋ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ይጎትተዋል። የሚጎትተው ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ በጣቱ ይሰማል። ሲመሽ ደግሞ አምፖል በገመድ ከፓራውልቱ ኋላ ያንጠለጥልና የጋራዡን መብራት ያስጠፋናል። ያኔ ጥላዋ ብርሃን ትሆናለች። ቀን ያላየነው ጠማማነት ሁሉ ከፊታችን ይጻፋል። አንድ ማታ ሦስት ቀን የለፋሁበትን የፔጆ ፓራውልት እንዲህ አሳየኝና ምንም ሳይናገር ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠ። ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ።

ጥላዋ ስትጣመም ሰነፍ ገጣሚ የሚያደርገውን አውቀዋለሁ፣ እኔም በልጅነቴ አድርጌዋለሁና። ቡሎኑን ያጠብቃል። ብረቱ በኃይል ተጎትቶ ለጊዜው ይሰለፋል። ወይም ቀዳዳውን በሞረድ ያሰፋል። ወይም ሮንደላ በሮንደላ ላይ ይደረድራል። ፓራውልት ተጨንቆ ከታሰረ ግን እንደተጨነቀ አይቀርም። መኪናው በሄደ ቁጥር ጭንቀቱ ይሠራበታል። ከኒኬሉ በላይ ያለው ክሮም ጠንካራና ተሰባሪ ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ እጅ እንኳ ያንሳል። ከሥሩ ያለው ብረት ሲለጠጥ አብሮ አይለጠጥም፣ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ቡሎኑ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር ይወጣል፣ ውኃ ይገባል፣ ቡናማው ነጠብጣብ ይመጣል። ባለቤቱ ኒኬል ቤቱን ይረግማል። ጥፋቱ የቁልፉ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ፈቀቅ አልልም፦ ኒኬል ቤት ከመሄዱ በፊት መኪናው ላይ ያልተሞከረ ፓራውልት አይታሰር። ጥሬውን ብረት ከነመያዣዎቹ ስቀሉት። ቡሎኖቹ በጣት ብቻ ይዙሩ። ፓራውልቱ ራሱ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ተመልከቱ። ከዚያ የሚቃናው መያዣው ነው፤ ሞርሳ ላይ ታስሮ፣ ትንሽ በትንሽ። ስድስት ጊዜ ማውጣትና መመለስ ብዙ አይደለም። ጥላዋ በጣት ጥብቀት ብቻ እኩል ስትሆን፣ ያን ጊዜ ብረቱን ለኒኬል ላኩት። ሲመለስ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ፣ ሩብ ዙር እያላችሁ እሰሩ። አዲስ የተመረተ ፓራውልት የገዛ ሰው አዲስ ስለሆነ ልክ ነው ብሎ እንዳያምን፤ ከሳጥኑ ጠማማ ሆኖ የወጣ በእጄ ይዣለሁ።

ቨርጂኒያ ውስጥ የማውቃቸው አንድ አረጋዊ እንግሊዛዊ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በኤም ጂ የጨረሱ። ከጋሼ ጋር ተያይተው አያውቁም፣ ግን ሥራቸው የአንድ እናት ልጅ ነው። እሳቸው መኪናው ክሪክ ላይ ሳለ የመጨረሻውን ቡሎን አያስሩም ነበር። ኤም ጂ ቢ የተለየ ሻንሲ የላትም፣ ገላዋ ራሱ ሻንሲ ነው፤ ክዳን የሌላት ደግሞ ስትሰቀል ትንሽ ትጎብጣለች። በአራት ጎማዋ አቁመው፣ ዙሪያዋን በእግራቸው ዞረው፣ ሻይ ጠጥተው ነበር የሚያስሩት። ከሦስቱ ልባሶች፣ ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከክሮም፣ ስለ የትኛው ማሰብ እንዳለብኝ ስጠይቃቸው፣ ከሦስቱ በፊት ስላለው መወልወል ነገሩኝ። ክሮም ጉድጓድ አይሞላም፤ ጎልቶ እንዲታይ ያደርገዋል። በፓራውልቱ ላይ የሚንጸባረቅ የቤት ጣሪያ መስመር ሲወላገድ ካያችሁ ወልዋዩ ቸኩሏል።

ከፍታውን ያልመለሰ ሰውም አለ። ቀጭን ኒኬል ፓራውልት አድርጋ እንደ ጎማው ፓራውልት ዘመን ከፍ ብላ የቆመች ኤም ጂ ቢ አልቀበልም። ወይ ሁሉንም መልሱ፣ ወይ ጎማውን ተዉላት፤ ጎማዋም ታሪኳ ነው።

ወዳጄ በዚያ ቀን አልገዛም። ማክሰኞ ማታ ሻጩ ራሱ ደወለልኝ። ድምፁ አዝኗል፤ እንደነገርኩት ካርቶን አስገብቶ አይቶ ኖሯል። የትኛውን ቡሎን ላጥብቅ አለኝ። «አንዱንም እንዳትነካ» አልኩት። «ሁሉንም በጣት እስኪዞሩ ድረስ ፍታና ተወው። ቅዳሜ ጠዋት ሞርሳዬን ይዤ እመጣለሁ።»