ቅርቡን ደጋግሞ ማንሳት

ካሜራ ለያዘ የአዲስ አበባ ሰው «ጥሩ ፎቶ» ሲባል ቶሎ የሚታወሰው ላሊበላ፣ ሰሜን ተራሮች ወይም ዳሎል ነው። ከዓለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል የካ ተራራ ላይ፣ እዚሁ ከተማው ውስጥ ሆኖ ሳለ ብዙዎቻችን ዞር ብለን አላየነውም። «እሱማ ቅርብ ነው፤ የትም አይሄድ» እንላለን። በእኔ እምነት ግን ለፎቶ አንሺ ትልቁ ሀብት መመላለስ ነው፤ በየወቅቱና በየሰዓቱ መመላለስ የሚቻለው ደግሞ ለቤት ቅርብ ወደሆነ ቦታ ነው።

ይህን የምለው በብርሃን ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ አብዛኛውን ዓመት በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ግን ወደ ሰሜን ትዞራለች። ሐምሌና ነሐሴን ደመና ይወስዳቸዋል። ስለዚህ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ሐውልት የቀትር ብርሃን በደንብ የሚያገኘው በዓመት ጥቂት ሳምንታት ነው፤ እነዚያን ሳምንታት ጠብቆ መገኘት ለነዋሪ እንጂ ለመንገደኛ አይሆንለትም። ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት እንውሰድ። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች የጨፈጨፏቸውን ሰዎች የሚዘክሩት ቅርጾች ብርሃን ፊት ለፊት ሲመታቸው ጠፍጣፋ ይሆናሉ፤ ከጎን ሲመጣባቸው ግን እጅና ፊት እየለየ ይወጣል። ቅርጾቹ ሐውልቱን ዙሪያውን የያዙ ናቸውና ለሁሉም የሚስማማ አንድ ሰዓት የለም። የተፈጥሮም ነገር እንዲሁ ነው። ክረምቱ አቧራውን ካጠበ በኋላ፣ መስከረም ላይ፣ እንጦጦ አደይ አበባ ይለብሳል፤ ጥርት ባለ ጠዋት ከዚያው ሆኖ በስተደቡብ ዝቋላን ማየት ይቻላል። በበጋው አቧራና ጭስ ያው ተራራ ከዓይን ይሰወራል።

«የለመደ ዓይን አያይም» የሚል መቃወሚያ ይነሳል። እውነት አለው፤ ግን ዓይን የሚደነዝዘው ሳያስተያይ ሲያልፍ ነው። ከአንድ ቦታ ቆሞ፣ በአንድ ሌንስ፣ በተለያየ ወር የተነሱ ሁለት ፎቶዎችን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የለመደውን ነገር እንደገና ለማየት ይገደዳል።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይከብዳል፤ ሽቦው፣ አጥሩ፣ ታክሲው ውበቱን ያበላሻል ይባላል። አንዳንዴ በእርግጥ ያበላሻል፤ ያኔ ቦታ መቀየር ወይም ማልዶ መውጣት ይበጃል። ሁሉንም ቆርጦ ማውጣት ግን ስህተት ይመስለኛል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ግንባታ ተነስቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ተመልሷል። ሐውልቱን ብቻ ያሳየ ፎቶ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ያው ነው፤ ምን እንደተለወጠ የሚመሰክረው አደባባዩን፣ መንገዱንና ሰዉን ጨምሮ የያዘው ነው። ፒያሳም በ2016 ዓ.ም. አብዛኛው ክፍሏ ሲፈርስ «የትም አይሄድ» የተባለው ሰፈር በጥቂት ወራት ሄዷል። የቱሪስት ፖስትካርድ ያነሳቸው ጥቂት ሕንፃዎች ምስላቸው አለ፤ ማንም ያላነሳቸው ደጃፎች፣ ደረጃዎችና የጓሮ ዛፎች ግን ተመልሰው አይነሱም።

እንግዲህ ካሜራም ሆነ ስልክ የያዛችሁ፣ ከሰፈራችሁ አንድ ወንዝ፣ አንድ ድልድይ ወይም አንድ ሐውልት ምረጡ። ጥበቃውን ወይም የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዱ፤ ዓመቱን ሙሉ ተመላለሱበት፤ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይም ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆማችሁበትን ቦታ ጽፋችሁ አስቀምጡ።