«ሽፍታ» በፖለቲካ ሳይንስ ስያሜዎች መካከል፤ ከራያ ቆላ የተነሣ ሂስ

የፖለቲካ ሳይንስን ሙያዊ ቃላት ወደ አማርኛ ለማምጣት ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል «ማኅበራዊ ሽፍታ» የሚለው ሐረግ ልዩ ትኩረት የሚያሻው ሆኖ አግኝተነዋል። ጽንሰ ሐሳቡ የእንግሊዛዊው የታሪክ ሊቅ የኤሪክ ሆብስባውም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1969 ባሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት አስፋፍቶታል። ሕግ ወንጀለኛ የሚለው፣ ገበሬው ግን እንደ ተበቃዩና እንደ ጀግናው የሚያየው ሰው ማለት ነው። በአውሮፓ ቋንቋዎች መነሻው ቃል መንገድ ላይ ቆሞ የሚዘርፈውን ሰው ስለሚያመለክት፣ ደራሲው ይህን ፍቺ ለማረም ቅጽል መጨመር ግድ ሆኖበታል። ተርጓሚዎቻችን ቅጽሉን አብረው ሲያመጡ ግን በአማርኛው ቃል ላይ አላስፈላጊ ሸክም ጭነዋል እንላለን።

አማርኛ ለዘራፊ «ወንበዴ»፣ «ቀማኛ»፣ «ሌባ» የሚሉ ቃላት አሉት። «ሸፈተ» ግን ከሁሉ አስቀድሞ ለሥልጣን አልገዛም ማለትን ይነግረናል፤ «ልቡ ሸፈተ» ስንል ማንም ዘረፋን አያስብም። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው በፊት በቋራ ሸፍተው ነበር፤ ይህም ለዘውዱ እንቅፋት አልሆነባቸውም። እንግዲህ ማኅበራዊው ፍቺ በቃሉ ውስጥ ቀድሞ አለ። ቅጽል የሚያስፈልገው ካለ ዘራፊነቱን ብቻ ለይቶ ለማመልከት ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ወደ ራያ እንውረድ። ከዞብል ተራራ በስተምዕራብ የተዘረጋው የቆቦ ሜዳ የማሽላ አገር ነው፤ ቀድሞ በወሎ ክፍለ ሀገር ራያና ቆቦ አውራጃ ይባል የነበረው፣ ዛሬ በሰሜን ወሎ ራያ ቆቦ ወረዳ የሚገኝበት ምድር ነው። የራያ ሕዝብ ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ተጋጭቷል፤ ይህን እንቅስቃሴ እንዲያበርዱ የታዘዙት ራስ ጉግሣ ወሌ ራሳቸው ከመንግሥት ጋር ተጣልተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ወድቀዋል። በ1935 ዓ.ም. በራያ፣ በወጀራትና በእንደርታ የተቀጣጠለው እንቅስቃሴም በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ጭምር ተደምስሷል። በመንግሥት አንደበት እነዚህ ሰዎች ሽፍቶች ነበሩ። እነርሱ ግን «ወያኔ» የሚል የራሳቸው ስም ነበራቸው፤ አንዳንድ ጸሐፊዎች ስሙን ከአገሩ ወጣቶች የቡድን ጨዋታ ጋር ያያይዙታል። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ቃሉ የአንድ ድርጅት መጠሪያ ስለ ሆነ፣ መዝገበ ቃላት ሁለቱን ፍቺዎች በዘመን ለይቶ ካላስቀመጠ አንባቢ አባትን ከልጅ ያደባልቃል።

የዘዴው ጉድለት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አንድ ተመራማሪ የአውራጃ ደብዳቤዎችን ይዞ «ሽፍታ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደ ተጻፈ ቢቆጥር፣ ምን ቆጠረ? ግብር አልከፍልም ያለውን፣ ከአፋር ጋር ከብት የተዘራረፈውን፣ ሰው ገድሎ ደሙ በሽማግሌ እስኪደርቅ ዱር የገባውን ደመኛ በአንድ ቁና ሰፈረ። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ሳርቶሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፉ፣ ጽንሰ ሐሳብ ከተወለደበት አገር ወጥቶ ሲለጠጥ ይዘቱን እንደሚያጣ አስጠንቅቆ ነበር። በእኛ ዘንድ ሌላም አደጋ ተጨምሯል፤ ሰፊውን የአገር ቃል በጠባቡ የውጭ ቃል ልክ መቁረጥ።

የዚህ ምክንያቱ፣ በእኛ ግምት፣ የስያሜ ሥራችን አካሄድ ነው። የውጭ ቃላት ዝርዝር በፊደል ተራ ይቀርባል፤ ለእያንዳንዱ አቻ ይፈለጋል፤ ሥራው ተፈጸመ ይባላል። በዝርዝሩ ያልነበረ ቃል አይጠየቅም። በራያ ቆቦ የደም ጉዳይ የሚታይበት የሽማግሌዎች ተቋም «ዘወልድ» ይባላል። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ስለ ሥልጣንና ስለ ቅቡልነት ሊማርበት የሚችል ተቋም ሆኖ ሳለ፣ አቻ የሆነለት የባዕድ ቃል ስለሌለ ብቻ ከመዝገብ ውጪ ይቀራል።

«መንግሥት» የሚለው ቃልም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለውና በ1916 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸው ከተጠቀሙበት ጊዜ ጀምሮ፣ ቃሉ ጸንቶ የሚኖረውንም ተቋም፣ ለጊዜው የሚገዛውንም ወገን ይሸከማል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 106 የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና እንዳለው ይደነግጋል፤ በዚሁ ቅጂ የፌዴራሉም የክልሉም «መንግሥት» ነው። በገጠር ደግሞ አንድ ሹም ሲመጣ «መንግሥት መጣ» ይባላል። ስለዚህ «በመንግሥት ላይ እምነት አለዎት?» የሚል መጠይቅ ይዞ ቆቦ ገበያ የሚገባ ጠያቂ፣ አንዱ ስለ ቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ሌላው ስለ አገሪቱ ሲመልስለት ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ይደምራል። በቅርብ ዘመን የተለመደው «ሀገረ መንግሥት» ለመጽሐፍ መልካም ነው፤ ለመጠይቅ ግን አይረዳም፤ ማሽላውን የሚያርመው ሰው አያውቀውምና።

ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት የገበሬዎች እንቅስቃሴ ጥናት የ1935ቱን ጉዳይ በአንድ ምክንያት ብቻ ስለማይፈታ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ወደ አማርኛ ቢመለስ ግን ተርጓሚው ገና ከርእሱ ይጨነቃል። «ተቃውሞ» ቢል የከተማ ሰልፍ ትዝ ይላል። «ዓመፅ» ቢል ከመጻሕፍተ ቤተ ክርስቲያን የወረስነው የ«ዓመፃ» በደለኛነት ተከትሎ ይመጣል፤ ፍርዱ ከምርመራው ቀድሞ ተሰጠ ማለት ነው፤ የራያ ልጅም የአያቱን ታሪክ የሚያነበው በከሳሹ ቃል ይሆናል። በበኩላችን «እምቢታ» የሚለውን እንመርጣለን፤ ገበሬው ራሱ «እምቢ አልን» ይላልና።

ለ«ሽፍታ» የሚከተለውን አገባብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለሥልጣን አልገዛም ብሎ ወይም ፍትሕ አጣሁ ብሎ ዱር የገባ ሰው፤ ሁለተኛ፣ ከደመኞቹ የሸሸ፤ ሦስተኛ፣ መሣሪያ ይዞ የሚዘርፍ፤ አራተኛ፣ በመንግሥት ጽሕፈት፣ መንግሥትን የተቃወመ ሁሉ። አራተኛው ፍቺ በጥቅም ላይ በዋለበት ጽሑፍ ሁሉ የጸሐፊው ማንነትና ዘመኑ አብሮ ይጠቀስ።