ብዙ ማይል የሄደው ሻዶው 1100፦ ለሁለተኛ ሞተር ሳይክልነት ሲመዘን

አንድ ማሽን እንዴት እንደተሠራ የሚታወቀው ሦስተኛና አራተኛ ባለቤት እጅ ከገባ በኋላ ነው። አዲስ ሳለ ሁሉም ያብረቀርቃል፣ ሁሉም በአንድ ንክኪ ይነሳል። በዚህ ዓይን ሳየው ሆንዳ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ለአሜሪካ ገበያ ያቀረበውን ሻዶው 1100 ኤሲኢ የምንመዝንበት ትክክለኛው ጊዜ ዛሬ ይመስለኛል። መቀመጫው ዝቅ፣ መሪው ሰፋ ያለ፣ እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ የሚነዳ ክሩዘር ነው። አሜሪካ ውስጥ ዛሬ በጥቂት ሺህ ዶላር ይገኛል፤ ቆጣሪው ላይ 50 ወይም 60 ሺህ ማይል ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የሚገዛውም ብዙውን ጊዜ ለዕለት ሥራው ሌላ ሞተር ሳይክል ያለው፣ ለእሁድና ለረጅም መንገድ ሁለተኛ የሚፈልግ ሰው ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ገዢ ይሆናል ወይ? ይሆናል። ነገር ግን ገዢው የሚፈራው ሌላ፣ ሊፈራው የሚገባው ሌላ ነው። ሰው የቆጣሪውን ቁጥር አይቶ ይሸሻል፤ ይህን ሞተር ሳይክል የሚጎዳው ግን ቆሞ መክረሙ ነው።

የሻዶው ታሪክ ከንግድ ፍልሚያ መሃል ይጀምራል። በ1983፣ የመጀመሪያው ሻዶው 750 በወጣበት ዓመት፣ የአሜሪካው የሬገን መንግሥት ሃርሊ ዴቪድሰንን ከጃፓኖች ፉክክር ለመከላከል ሲል ከ700 ሲሲ በላይ በሆኑ ከውጭ በሚገቡ ሞተር ሳይክሎች ላይ የነበረውን 4.4 በመቶ ቀረጥ ወደ 49.4 በመቶ ከፍ አደረገው። ሆንዳ በማግሥቱ ዓመት ሞተሩን ወደ 700 ሲሲ አሳንሶ ከቀረጡ አመለጠ፤ በ1985 ደግሞ ትልቁን 1100 ኦሃዮ፣ ሜሪስቪል ባለው ፋብሪካው ሠራ። ቀረጡ ሲነሳ ፉክክሩ ወደ መልክና ወደ ድምፅ ዞረ። ሃርሊ በ1994 የሞተሩን ድምፅ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ፤ ሆንዳን ጨምሮ ተቀናቃኞቹ ተቃወሙ፤ ኩባንያውም በ2000 ጉዳዩን ተወው። ኤሲኢ በ1995 ብቅ ያለው ይህ ክርክር ገና በጋለበት ሰዓት ነው። ጥንካሬውም ድክመቱም ከዚህ ይመነጫል፦ ግማሹ ሆንዳ የሚያውቀውን የሠራበት፣ ግማሹ ሌላውን ለመምሰል የጣረበት ነው።

ሆንዳ በሚያውቀው ልጀምር። ሞተሩ በ45 ዲግሪ የተከፈቱ ሁለት ሲሊንደሮች ያሉት፣ 1,099 ሲሲ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ ነው። በየሲሊንደሩ ሦስት ቫልቭና ሁለት ካንዴላ አለው። ትልቁ ቁም ነገር ግን የቫልቮቹ ክፍተት ራሱን በራሱ ማስተካከሉ ነው፦ የዘይቱ ግፊት ክፍተቱን እየሞላ ይይዘዋል። ሌላ ሞተር በየተወሰነ ማይል ተከፍቶ ቫልቩ መለካት ሲኖርበት፣ ይህኛው ንጹሕ ዘይት በጊዜው ማግኘት ብቻ ይበቃዋል። ኃይሉም ወደ ኋላ ጎማ የሚደርሰው በካቴና ሳይሆን በሻፍት ነው፤ የሚወጠር፣ በየሳምንቱ የሚቀባ፣ ተበልቶ የሚለወጥ ካቴና የለም። እነዚህን ሁለት ውሳኔዎች የወሰነ መሐንዲስ የመጀመሪያውን ገዢ ብቻ አላሰበም። ሰነፍ ባለቤት ሊዘላቸው የሚችላቸውን ሥራዎች አስቀድሞ አስቀርቷል፤ ስለዚህም ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ገዢ የሌሎችን ስንፍና አብሮ የሚወርስበት ዕድል ጠቧል። ይህን ከሁሉም በላይ አደንቀዋለሁ።

60,000 ማይል የሚለው ቁጥርም ሲሰላ ያን ያህል አያስፈራም። በ25 ዓመት ሲካፈል በዓመት 2,400፣ በወር 200 ማይል ነው። በዝቅተኛ ዙር የሚሠራ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ ትልቅ ሞተር ይህን ያህል መሥራቱ መልመጃ እንጂ ድካም አይደለም። የአዲስ አበባን ላዳ ታክሲዎች ያየ አንባቢ የጉዞ ብዛት ብቻውን ማሽን እንደማይገድል ማስረጃ አያስፈልገውም።

ወደ መምሰሉ ስንመጣ ግን ወቀሳ አለኝ። የቀደመው ሻዶው 1100 ሁለቱ ፒስቶኖች በክራንክሻፍቱ ላይ የተለያየ ማሰሪያ ነበራቸው፤ አንዱ የሌላውን ንዝረት እንዲያጠፋ ታስቦ የተለያየ። በኤሲኢ ላይ ሆንዳ ሁለቱንም በአንድ ማሰሪያ አሰራቸው፤ ያንን የሚቆራረጥ፣ የሃርሊ ዓይነት ምት ለማግኘት ብሎ። ምቱ ተገኘ። በምላሹ ንዝረቱ ጨመረ፣ ኃይሉም ቀነሰ። አንድ የምሕንድስና ቡድን ያቃለለውን ችግር ለድምፅ ሲል መልሶ ማምጣቱ የሥራው ትልቁ ስብራት ነው። ሆንዳ ራሱም ይህን የተረዳው ይመስላል፦ ለረጅም ጉዞ በተሰናዳው ኤሲኢ ቱረርና በ2000 በወጣው ሻዶው ሴበር ላይ ወደ ቀድሞው አሠራር ተመልሷል። በከተማ መብራት መሃል ምቱ ደስ ይላል፤ አውራ ጎዳና ላይ ሰዓታት ለሚያሳልፍ ሰው ግን ቱረሩን ወይም ሴበሩን እመርጥለታለሁ።

መልክን የማስቀደሙ ዋጋ ሌላ ቦታም ይታያል። ነዳጅ ሳይሞላ ከ250 ኪሎ በላይ ለሚመዝን ሞተር ሳይክል የፊት ፍሬኑ አንድ ዲስክ ብቻ ነው፤ ያቆማል፣ ግን ርቀት ይፈልጋል። በራጂ የተወጠሩት ቸርኬዎች ያምራሉ፤ ከመነዳሪ ስላላቸው ግን ጎማ መንገድ ላይ ሲበሳ እንደ ዘመኑ ጎማ በቀላሉ ተወትፎ መሄድ የለም። ከፈጣን ሞተር ሳይክል የሚወርድ ሰው እነዚህን አውቆ አነዳዱን ማስተካከል አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ሥጋት፦ ሁለተኛ ሞተር ሳይክል በባሕርይው ቆሞ የሚከርም ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሚኖር አንባቢ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሸፍኖ ሊያቆመው ይችላል፤ በበጋም ቢሆን ተራው የሚደርሰው ዋናው ሞተር ሳይክል ካረፈ ነው። ይህ ማሽን ደግሞ ካርቡሬተር ነው ያለው። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚቀዳው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ይዟል፤ ኤታኖል እርጥበት ይስባል፣ ቤንዚኑም በካርቡሬተሩ ውስጥ ሲቆይ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን የሚደፍን ሙጫ ይተዋል። ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው ይደርቃል፣ የፊት አሞርዛተሮቹ ጎሚኒም ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው 8,000 ማይል ብቻ ይዞ አሥር ዓመት የቆመውን «እንደ አዲስ» ሻዶው ትቼ፣ በየሳምንቱ ሲነዳ 60,000 የሞላውን እንዲገዙ የምመክረው። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ይባላል፤ ባገለገለ ሞተር ሳይክል ላይ ግን ይህ ተረት ገዢውን ያሳስተዋል። ክሮሙ የሚያብረቀርቀው አንዳንዴ ስላልተነዳ ነው።

ሊገዙ ሲሄዱ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ይጠይቁ፤ ሲደርሱም ሞተሩን በእጅዎ ነክተው መቀዝቀዙን ያረጋግጡ። ቀዝቃዛ ሲነሳ የቫልቮቹ ትክትክታ ትንሽ ቢሰማ አያስደንግጥ፤ ሲሞቅ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ዘይቱ ተበድሏል። በዝቅተኛ ዙር የሚንገዳገድና ጋዝ ሲሰጡት የሚያንቀው ከሆነ ካርቡሬተሮቹ ቆሽሸዋል። የእነዚህ ዘመን ሆንዳዎች የታወቀ ድክመት ቻርጅ የሚያደርገው ክፍል ነው፤ ስለዚህ ቮልት መለኪያ ይያዙ። ዙሩ ከፍ ሲል ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካላነበበ ዋጋው መውረድ አለበት። የጎማውን ዕድሜ ከጎኑ የታተሙት የመጨረሻ አራት አኃዞች ይነግራሉ፦ 2314 ማለት የ2014 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ማለት ነው። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተው መሪውን ቀስ ብለው ያዙሩ፤ መሃል ላይ ቆንጠጥ ካደረገ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል። በመጨረሻም የኋላ ጎማ ሲለወጥ የሻፍቱ ጥርሶች በሞሊብዲነም ግሪስ ተቀብተው እንደነበር ይጠይቁ። ሻጩ ጥያቄውን ከተረዳው ደረሰኝ ባይኖረው እንኳ ሞተር ሳይክሉን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ግራ ከተጋባ ጥርሶቹ ደርቀው ሊሆን ስለሚችል ጎማው ወጥቶ መታየት አለበት።

ጎማ፣ ባትሪ፣ ፍሬንና የካርቡሬተር እጥበት አንድ ላይ ከመጡ ወጪያቸው ከግዢው ዋጋ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። እዚህ ላይ ሁለተኛ መሆኑ ይጠቅማል፦ ዕቃ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ቢቆምም ባለቤቱ ከሥራ አይቀርም፤ ጥገናውን በራሱ እጅ ለመማርም ጊዜ አለው። ለዚህ ትምህርት ካቴና የሌለው፣ ቫልቩ የማይለካ፣ መለዋወጫው ዛሬም የሚገኝ ማሽን መልካም ጅማሬ ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ሻዶው 1100 ኤሲኢ በመምሰል ፍላጎት የተበላሸ ግማሽ አለው፤ ንዝረቱና የፊት ፍሬኑ ለዚያ ይመሰክራሉ። ሌላው ግማሹ ግን በትልቅ ኃላፊነት ተሠርቷል፤ ያ ግማሽ በዚህ ዕድሜም ገንዘብ የሚያስቆጥብና የሚታመን ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ በደንብ እስኪሞቅ ሊነዱት፣ ክረምት ሲገባም ቤንዚኑን ከካርቡሬተሮቹ ሊያፈሱና ባትሪውን ቻርጅ ላይ ሊያደርጉ ከቆረጡ፣ የቆጣሪው ቁጥር ሳያስፈራዎ ይግዙት። ይህን ጊዜ የማይሰጡት ከሆነ ግን ማይሉ ያነሰውንም ቢሆን አይግዙ፤ እጅዎ ላይ ቆሞ ይበላሻልና።